ከጨው ጫኞች እስከ እግረኛ ጎብኚዎች፦ የጎሬፓኒ መንገድ አጭር ታሪክ

በኔፓል አገር፣ ከፖካራ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በአናፑርና ተራሮች ግርጌ፣ ጎሬፓኒ በተባለ መንደር በኩል የሚያልፍ አንድ የእግር መንገድ አለ። መንገዱ በአራት ወይም በአምስት ቀን የሚያልቅ፣ ድንኳንና ስንቅ መሸከም የማያስፈልገው፣ የተራራ መውጫ ገመድም ሆነ የበረዶ መሣሪያ የማይጠይቅ በመሆኑ፣ ጤነኛ የሆነና ቀስ ብሎ መራመድ የሚችል ሰው ሁሉ ሊጓዝበት ይችላል። በየአንድና በየሁለት ሰዓቱ ርቀት ሻይ የሚያፈሉ፣ ምግብ የሚያቀርቡና መኝታ የሚያከራዩ ትንንሽ ቤቶች ይገኛሉ። ስለዚህም ሂማላያን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያዩ ሰዎች ዘወትር ከሚመከሩት መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመንገዱን ውበት ማወደስ አይደለም። በሙያችን ዐይን ለሚመለከተው ሰው አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ፣ ይህ መንገድ ቀላል የሆነው ለምንድን ነው? የሚለው ነው። አካባቢው በተፈጥሮው ቀላል አይደለምና። ዳገቱ ገደል ነው፤ ዝናቡ ከባድ ነው፤ አፈሩ ተንሸራታች ነው። እንግዲህ ቀላልነቱ የተፈጥሮ ስጦታ ሳይሆን የሰው ሥራ ነው ማለት ነው። ሥራውም የተሠራው ለጎብኚዎች ተብሎ አልነበረም። ማን ሠራው? ለምን ሠራው? ዛሬስ ምን ሊሆን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች የታሪክን መልስ ለማቅረብ እሞክራለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልኝ አሳስባለሁ።

ይህ ጸሐፊ መንገዱን ያየው በአጋጣሚ ነው። ስለ ተራራማ አገር የገጠር መንገዶች አሠራር ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ወደ ካትማንዱ ተልኬ ሳለ፣ ሥልጠናው ሲያበቃ የቀሩኝን ጥቂት ቀናት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬና ከአንድ መንገድ መሪ ጋር በዚያ አሳለፍሁ። የሄድሁት ጫማዬን ለማድከም ነበር፤ የተመለስሁት ግን ስለ ሙያዬ ከባድ ጥያቄ ይዤ ነው።

የቦታው አቀማመጥ

ፖካራ ከባሕር ወለል በላይ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ሰሜን ለሚመለከት ሰው፣ ከ25 ኪሎ ሜትር ብዙም በማይርቅ ቦታ ማቻፑችሬ የተባለው ተራራ እስከ 6,993 ሜትር ተነሥቶ ይታያል። ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚመጣው የክረምት ደመና ከዚህ ግድግዳ ጋር ሲጋጭ ውኃውን በአንድነት ያራግፋል። በዚህም ምክንያት በመንገዱ መነሻ አቅራቢያ የምትገኘው ሉምሌ ከኔፓል እጅግ ዝናባማ ቦታዎች አንዷ ስትሆን፣ በዓመት ከ5,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርድባታል። ይህም የአዲስ አበባን ዓመታዊ ዝናብ ከአራት እጥፍ በላይ የሚያክል ነው። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ስለሚወርድ፣ ለእግር ጉዞ የሚመረጡት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜና የጸደይ ወራት ናቸው።

የተለመደው ጉዞ ናያፑል ከተባለችው የመንገድ ዳር መንደር፣ 1,070 ሜትር ከፍታ ላይ ይጀመራል። ከዚያ በቢሬታንቲ ድልድዩን ተሻግሮ ወንዙን ተከትሎ ወደ ቲኬዱንጋ ይወጣል፤ ከቲኬዱንጋ በድንጋይ ደረጃ ወደ ኡሌሪ ይዘልቃል፤ ከኡሌሪም ጫካውን ሰንጥቆ 2,860 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ጎሬፓኒ ይደርሳል። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ባትሪ እያበሩ ፑን ሂል ወደሚባለው ኮረብታ ይወጣሉ። ከዚህ ኮረብታ ላይ 8,167 ሜትር ከፍታ ያለው ዳውላጊሪ፣ 8,091 ሜትር የሆነው አናፑርና አንደኛና 7,219 ሜትር የሆነው ደቡባዊ አናፑርና በማለዳው ፀሐይ ተራ በተራ ሲቀሉ ይታያሉ። መመለሻው በታዳፓኒና ጋንድሩክ በተባለው የጉሩንግ ሕዝብ ትልቅ መንደር በኩል ነው።

የፑን ሂል ጫፍ 3,210 ሜትር ነው። ይህም ከእንጦጦ ራስ ጋር የሚስተካከል ከፍታ በመሆኑ፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ የሆነ ተጓዥ ከባሕር ዳርቻ አገር እንደመጣ ሰው ትንፋሹ አይቆረጥም። ይሁን እንጂ በጉልበቱ መመካት የለበትም። እኔ በመጀመሪያው ቀን ከፍታው ስላልከበደኝ ዳገቱን በሩጫ ያህል ወጥቼ፣ በአራተኛው ቀን ቁልቁለቱ ላይ ጉልበቴ አብጦ በምርኩዝ ነበር የወረድሁት።

የጨው ዘመን

የቦታ ስሞች ብዙ ጊዜ ከመዛግብት ይልቅ እውነቱን ይናገራሉ። በኔፓል ቋንቋ «ጎሬፓኒ» ማለት የፈረስ ውኃ ማለት ነው። «ታዳፓኒ» ሩቅ ውኃ፣ ከጎሬፓኒ ማዶ በወንዙ ዳር ያለችው «ታቶፓኒ» ደግሞ ሙቅ ውኃ ማለት ነው። እነዚህን ስሞች ያወጣቸው ጭነት የጫነ እንስሳ ይነዳ የነበረ፣ የሚቀጥለው ውኃ የት እንደሚገኝ ማወቅ የነበረበት መንገደኛ መሆኑን ለመረዳት አያዳግትም።

ጎሬፓኒ የተቆረቆረችው በኮረብታ በር ላይ ነው። በምሥራቅ በኩል ወደ ፖካራ የሚወስደው ሸለቆ፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ የካሊ ጋንዳኪ ወንዝ ሸለቆ ይገኛል። ካሊ ጋንዳኪ ከቲቤት ድንበር አጠገብ ተነሥቶ፣ በዳውላጊሪና በአናፑርና መካከል የሂማላያን ሰንሰለት ቆርጦ ወደ ደቡብ የሚወርድ ወንዝ ነው። ይህ ሸለቆ በከፍተኛው የቲቤት አምባና በሕንድ ሜዳ መካከል ከተገኙት ጥቂት የተፈጥሮ በሮች አንዱ ስለሆነ፣ ለብዙ ምዕተ ዓመታት የንግድ መተላለፊያ ሆኖ ኖሯል።

የንግዱ ዋና ዕቃ ጨው ነበር። በቲቤት አምባ ላይ ካሉት የጨው ሐይቆች የተገኘው ጨው በያክ፣ እንዲሁም ትንንሽ ከረጢት በተጫነባቸው በጎችና ፍየሎች ጀርባ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ከኔፓል ኮረብቶች ደግሞ ሩዝ፣ ገብስና ሌላም እህል ወደ ሰሜን ይወጣል። በአገራችን አሞሌ ከቆላው ወደ ደጋው ይወጣ እንደነበረ ሁሉ፣ በዚያ ግን ጨው ከደጋው ወደ ቆላው ይወርድ ነበር። የደጋው እንስሳ የቆላውን ሙቀት አይችልም፤ የቆላው ሰው የደጋውን ብርድ ይፈራል። ስለዚህ ሁለቱ የሚገናኙበት መካከለኛ ቦታ አስፈለገ። ይህም ቦታ በካሊ ጋንዳኪ ዳር ታክ ኮላ በሚባለው አገር የምትገኘው የቱክቼ ከተማ ነበረች።

የታክ ኮላ ተወላጆች ታካሊ ይባላሉ። በቁጥር ጥቂት፣ በንግድ ችሎታቸው ግን በኔፓል የታወቁ ናቸው። ከ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በኋላ፣ ኔፓልን ይገዙ የነበሩት የራና ቤተሰብ ጠቅላይ ሚኒስትሮች በዚህ መንገድ የሚያልፈውን ጨው ቀረጥ የመሰብሰብና የመነገድ መብት ለታካሊ ባላባቶች በኮንትራት ይሰጡ ነበር። መብቱን የያዘው ሰው «ሱባ» የሚል ማዕረግ ነበረው፤ በእኛ አገር ታሪክ የኬላው ነጋድራስ ከነበረው ሥልጣን ጋር ማመሳሰል ይቻላል። ይህ ሥርዓት እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ ድረስ ቆይቷል። ወደ ቲቤት ለመግባት መንገድ ሲፈልግ የነበረው ጃፓናዊው መነኩሴ ኤካይ ካዋጉቺ በ1899 ቱክቼ በደረሰ ጊዜ ያገኛት ይህችን የንግድ ከተማ ነበር።

ከቱክቼ ወደ ፖካራ ለመውረድ የሚፈልግ ቅፍለት እስከ ታቶፓኒ ወንዙን ተከትሎ ይወርድና፣ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ወደ ጎሬፓኒ በር ይወጣል። ከበሩም ወደ ኡሌሪና ወደ ቢሬታንቲ ይወርዳል። እንግዲህ ዛሬ ጀማሪው ጎብኚ የሚወጣው ዳገት የጨው ጫኙ ቁልቁለት ነበር ማለት ነው።

የሻይ ቤቶቹ አመጣጥ

የቅፍለት ንግድ ባለበት ሁሉ ማደሪያ ይኖራል። የታካሊ ወንዶች ከጭነታቸው ጋር ሲመላለሱ፣ ሴቶቹ በመንገዱ ዳር «ብሃቲ» የሚባሉ ቤቶች ይከፍቱ ጀመር። ብሃቲ አንድ ምድጃ፣ ጥቂት ምንጣፍ፣ የተቀቀለ ሩዝ፣ የምስር ወጥና ከእህል የወጣ አረቄ የሚገኝበት ቤት ነው። አሠራሩም እንዲህ ነበር፦ መንገደኛው ምግቡን ይገዛል፤ ለመኝታው ግን አይከፍልም። የቤቱ ትርፍ የሚገኘው ከአልጋው ሳይሆን ከማጀቱ ነው።

ይህ ልማድ ትልቅ ቁም ነገር አለው። ገንዘብ እንደልብ በማይገኝበት አገር መንገደኛው እህል ወይም ጨው እንጂ ሳንቲም አይዝም። አልጋ የሚያከራይ ቤት ባዶ ክፍል ይዞ ሲጠብቅ ይከስራል፤ ምግብ የሚሸጥ ቤት ግን ምድጃው ለቤተሰቡም ስለሚነድ እንግዳ ባይመጣም አይዘጋም። ስለሆነም በትንሽ ካፒታል፣ በአንዲት ሴት ጉልበት ሊቆም የሚችል ተቋም ሆነ። ዛሬም ቢሆን በጎሬፓኒ መንገድ የአልጋው ዋጋ አነስተኛ ሲሆን፣ በዚያው ቤት ያደረ እንግዳ እራቱንና ቁርሱን ከዚያው እንዲበላ ይጠበቅበታል። ብዙ ጎብኚዎች ይህንን እንደ ማስገደድ ይቆጥሩታል፤ ነገር ግን ከጨው ዘመን የተወረሰ ደንብ ነው።

ካፒታሉስ ከየት ይመጣ ነበር? ታካሊዎች «ዲኩሪ» የሚሉት ማኅበር አላቸው። አባላቱ በየተወሰነ ጊዜ እኩል ገንዘብ እያዋጡ የተሰበሰበውን በተራ ይወስዳሉ። ይህ ዕቁብ እንጂ ሌላ አይደለም። ባንክ ባልነበረበት ዘመን ብዙ የንግድና የማደሪያ ሥራ የተቋቋመው በዚህ ዘዴ ነው። መሪያችን የዲኩሪን ነገር ሲያስረዳን እኔና ባልደረባዬ ተያይተን ሳቅን፤ ሰውየው ምን እንዳሳቀን ስላልገባው በአማርኛ ስሙን ነገርነውና እርሱም ዕቁብ፣ ዕቁብ እያለ ይደጋግመው ጀመር።

ደረጃው እንደ ምሕንድስና ሥራ

ከቲኬዱንጋ እስከ ኡሌሪ ያለው የድንጋይ ደረጃ በጎብኚዎች ዘንድ የሚፈራ ነው። ከ3,000 በላይ ደረጃዎች እንዳሉት ይነገራል። የሁለቱ መንደሮች የከፍታ ልዩነት 500 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የአንዱ ደረጃ ቁመት በአማካይ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ይህንን ስሌት ኡሌሪ ደርሼ ሻይ እየጠጣሁ በወረቀት ጀርባ ላይ ስሠራው በጣም ተደነቅሁ። እኛ ለመኖሪያ ቤት ደረጃ የምንሰጠው ቁመት ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ነውና። ሞያቸውን ከአባቶቻቸው የተማሩ ድንጋይ ጠራቢዎች፣ ያለ መለኪያ መሣሪያ፣ የሰው እግር ወደሚፈልገው ልክ ደርሰዋል።

መንገዱ ለምን እየተጠማዘዘ አይወጣም? በእኔ ግምት ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ እንደ ሉምሌ ባለ ዝናብ አገር በገደል ወገብ ላይ የተቆረጠ የአፈር መንገድ ክረምቱን አይሻገርም፤ በሸንተረሩ ላይ በቀጥታ የሚወጣ ደረጃ ግን ውኃው ግራና ቀኝ እንዲበተን ያደርጋል። ሁለተኛው፣ ደረጃው የተሠራው ያለ ሲሚንቶ፣ እንደ ካብ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ ስለሆነ፣ ውኃ በመካከሉ ሰርጎ ያልፋል እንጂ አይታቆርም። አንድ ደረጃ ቢናጋ የመንደሩ ሰው ያንኑ ድንጋይ አንሥቶ መልሶ ያስቀምጠዋል። የጥገናው ዕቃ እዚያው ነው፤ ባለሙያውም እዚያው ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ዐይኔን የሳበው «ቻውታራ» የሚባለው የማረፊያ ካብ ነው። ከድንጋይ የተሠራ መደብ ሆኖ፣ ጥላ እንዲሰጥ ትላልቅ ዛፎች ይተከሉበታል። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ለሞተ ዘመድ መታሰቢያ፣ ለነፍስ ዋጋ ተብሎ ነው። የኔፓል ተሸካሚ ጭነቱን ቅርጫት ውስጥ አድርጎ፣ በግንባሩ ላይ በሚያልፍ ጠፍር አንጠልጥሎ በጀርባው ይሸከማል። ከባድ ጭነት አንዴ መሬት ከወረደ ብቻውን መልሶ ማንሣት ይቸግረዋል። ስለዚህ የቻውታራው መደብ የቅርጫቱ መቀመጫ በሚደርስበት ቁመት ይሠራል፤ ተሸካሚው ጀርባውን ሰጥቶ ቆም ሲል ጭነቱ በመደቡ ላይ ያርፋል፤ ሲነሣም ቀጥ ብሎ ይነሣል። የመንገድ ሥራ ማለት የተጠቃሚውን አካል ማወቅ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ምሳሌ አላየሁም።

በሩ ሲከፈት

ኔፓል ለውጭ አገር ሰዎች በሯን ዘግታ የኖረች አገር ነበረች። በሩ መከፈት የጀመረው በ1950 ገደማ ሲሆን፣ የራናዎች አገዛዝም በ1951 አበቃ። በ1950 የፈረንሳይ ጓድ የካሊ ጋንዳኪን ሸለቆ ተከትሎ ቱክቼ ሠፈረ፤ ከብዙ ፍለጋ በኋላም ሞሪስ ኤርዞግና ሉዊ ላሽናል ሰኔ 3 ቀን የአናፑርና አንደኛን ጫፍ ረገጡ። ከ8,000 ሜትር በላይ ከሆኑት ተራሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የወጣበት ይህ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ግን የጨው ንግድ መሠረቱ ተናጋ። በ1959 በቲቤት ከተነሣው ሁከት በኋላ ድንበሩ ጠበቀ፤ ከሕንድ የሚመጣው ርካሽ ጨውም የኔፓልን ገበያ እየያዘ ሄደ። በ1963 የጨው ንግድ ኩባንያ ሲቋቋም፣ የሕንድ ጨው በአገሩ ሁሉ በተደራጀ መልክ ይከፋፈል ጀመር። በሙስታንግ ደግሞ የቲቤት ሸማቂዎች እስከ 1974 ድረስ ሠፍረው ስለነበር፣ አካባቢው ለመንገደኛ አመቺ አልነበረም። ብዙ ታካሊዎች ቱክቼን ለቅቀው ወደ ፖካራና ወደ ደቡብ ወረዱ። በመንገዱ ዳር የነበሩት ብሃቲዎች ግን በሙሉ አልተዘጉም።

በዚሁ ጊዜ ጂሚ ሮበርትስ የተባለ፣ በጉርካ ጦር ያገለገለ ጡረተኛ የእንግሊዝ መኮንን በ1964 የእግር ጉዞ የሚያዘጋጅ ድርጅት በካትማንዱ አቋቋመ። በመጀመሪያም ሦስት አሜሪካውያን ሴቶችን በ1965 ወደ ኤቨረስት አቅጣጫ ወሰደ። የሮበርትስ ዘዴ ከተራራ ወጪ ጓዶች የተወረሰ ነበር፤ ድንኳኑ፣ ምግቡ፣ ወጥ ቤቱ ሁሉ በተሸካሚ ይጓዛል። በጎሬፓኒና በካሊ ጋንዳኪ መንገድ ግን ሌላ ዓይነት ጉዞ በቀለ። በ1970ዎቹ በየብስ ወደ እስያ የመጡ፣ ኪሳቸው የሳሳ ወጣቶች አንድ ትንሽ ቦርሳ ብቻ አንግበው በብሃቲዎቹ እያደሩ ይጓዙ ጀመር። ይህ ሊሆን የቻለው ማጀቱ፣ ምድጃውና እንግዳ የመቀበል ልምዱ አስቀድሞ ስለነበረ ነው። አረቄው በሻይ ተተካ፤ ምንጣፉ አልጋ ሆነ፤ ቤቱም ሻይ ቤት ተባለ።

የጉሩንግና የማጋር ሕዝብም ድርሻ ነበረው። ከ1815 ጀምሮ የእነዚህ ኮረብቶች ልጆች በእንግሊዝ፣ በኋላም በሕንድ ጦር ውስጥ በጉርካነት አገልግለዋል። የጦሩ ጡረታ በገንዘብ እጥረት ለሚኖሩት መንደሮች ዋና የገቢ ምንጭ ስለነበር፣ ብዙው ማደሪያ የተሠራው በዚህ ገንዘብ ነው። ፑን ሂልም ቢሆን ስሙን ያገኘው ፑን ከሚባለው የማጋር ጎሣ ነው።

የማገዶ ጥያቄ

እንግዳ ሲበዛ ማገዶ ያልቃል። ጨው ጫኙ በቀን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ምግብ ከሌሎች ጋር በልቶ ይተኛ ነበር። የውጭ አገር ጎብኚ ግን በየሰዓቱ የተለያየ ምግብ ያዛል፤ ገላውን በሙቅ ውኃ መታጠብ ይፈልጋል፤ ማታም በእሳት ዙሪያ ይቀመጣል። በጎሬፓኒ ዙሪያ በመጋቢትና በሚያዝያ በቀይ አበባ የሚያጌጠው የሮዶዴንድሮን ጫካ እየተመነጠረ ሄደ። ጎብኚው ለማየት የመጣውን ጫካ ምድጃው እየበላው ነበር ማለት ነው።

ለዚህም መፍትሔ ለማግኘት በ1986 የአናፑርና ጥበቃ ክልል ሥራ ከጋንድሩክ ተጀመረ። ክልሉ ዛሬ 7,629 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ የሚያስተዳድረው ብሔራዊ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ነው። የሐሳቡ አዲስነት ሕዝቡን ከቦታው አለማስነሣቱ ነው። ገበሬው በእርሻው፣ እረኛው በግጦሹ ይቀጥላል፤ ከጎብኚ የሚሰበሰበው የመግቢያ ክፍያም ለጥበቃና ለአካባቢው ልማት ይውላል። የማደሪያ ባለቤቶች ኮሚቴ አቋቁመው የምግብ ዝርዝሩንና ዋጋውን በአንድነት ይወስናሉ። «አማ ሳሙሃ» የሚባሉት የእናቶች ማኅበራት መንገድ ያጸዳሉ፣ ለትንንሽ የልማት ሥራዎችም ገንዘብ ያሰባስባሉ።

ከቴክኒክ መፍትሔዎቹ መካከል ለእኛ ሙያ ቅርብ የሆነው በምድጃው ጀርባ የውኃ ቧንቧ ማሳለፍ ነው። ምግብ ሲበስል በከንቱ የሚባክነው ሙቀት ውኃውን ያሞቀዋል፤ የሞቀው ውኃ ስለሚቀል ወደ በርሜሉ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ይወርዳል፤ ፓምፕ አያስፈልገውም። በተጨማሪም የፀሐይ ማሞቂያ፣ ነጭ ጋዝና የሲሊንደር ጋዝ ገቡ። በጋንድሩክም በ1990ዎቹ መጀመሪያ 50 ኪሎ ዋት የሚያመነጭ አነስተኛ የውኃ ኃይል ማመንጫ ተሠራ።

የመኪና መንገድ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደርሰናል። ቀድሞ የጎሬፓኒ ጉዞ ከፖካራ ዳር በእግር ይጀመር ነበር። ከፖካራ ወደ ባግሉንግ የሚሄደው አውራ ጎዳና በ1990ዎቹ ሲደርስ መነሻው ናያፑል ሆነ፤ በድሮው መንገድ ላይ የነበሩት ማደሪያዎች እንግዳ አጡ። በ2008 ገደማ የመኪና መንገድ የካሊ ጋንዳኪን ሸለቆ ተከትሎ እስከ ጆምሶም ዘለቀ፤ እግረኛው እየቀነሰ፣ በመኪና ወደ ሙክቲናት መቅደስ የሚሄደው ተሳላሚ እየበዛ ሄደ። ዛሬ በጂፕ እስከ ኡሌሪ መውጣት ይቻላል፤ በጋንድሩክም በኩል መንገዱ እየተጠጋ ነው። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ የውጭ አገር ተጓዦች ፈቃድ ያለው መሪ ይዘው እንዲጓዙ ደንብ ወጥቷል፤ ነገር ግን የመንገዱን ዕጣ የሚወስነው ደንቡ ሳይሆን ቡልዶዘሩ ይመስለኛል። ብዙዎቹ የገጠር መንገዶች ያለ በቂ ጥናት፣ ያለ ቦይና ያለ መደገፊያ ግንብ በቡልዶዘር ብቻ ስለሚቆረጡ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ናዳ ያስከትላሉ።

ይህንን ስል የመኪና መንገድ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። በኡሌሪ ያደርንበትን ቤት ባለቤት፣ በአገሩ ደንብ «ዲዲ» ማለትም እትዬ ብለን እየጠራን፣ በመሪያችን አስተርጓሚነት ስለ መንገዱ ጠየቅናት። ሩዙን እየጨለፈች፣ «እናቴ በምጥ ጊዜ በቅርጫት ተሸክመው በዚህ ደረጃ አወረዷት፤ እኔ መንገድ አይምጣ ልል አልችልም» አለች። ጥቂት ቆይታም፣ «ግን ደረጃው ላይ ድንጋይ አይድፉብን» ብላ ጨመረች። በእርግጥም በማግስቱ ከመኪናው መንገድ የተገፋ አፈርና ድንጋይ የተጫነበትን የደረጃ ክፍል አየን።

ያን ጊዜ ያስታወስሁትን ለሙያ ባልደረቦቼ ልናዘዝ። ከተመረቅሁ በሦስተኛው ዓመት፣ በአገራችን በአንድ የገጠር መንገድ ጥናት ላይ ተመድቤ ሠርቻለሁ። የመንገዱ መሥመር ሲመረጥ የአፈር ቁፋሮውን፣ የቱቦውን ብዛት፣ በቀን የሚያልፈውን ተሽከርካሪ ግምት አስልተናል። የድሮው የበቅሎ መንገድ በአንድ ዋርካ ሥር ባለች ትንሽ ገበያ በኩል ያልፍ ነበር፤ በዚያም ሴቶች ሻይና ዳቦ ይሸጡ ነበር። አዲሱ መሥመር ወጪ ይቀንሳል ተብሎ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ አለፈ። መሥመሩን በካርታ ላይ ያሰመርሁት እኔ ነኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለቁጥጥር ስመለስ ገበያው ተበትኗል። ቀድሞ ሻይ ያጠጡኝ የነበሩ አንዲት አረጋዊት እናት በባዶው ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ደኅንነታቸውን ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ መንገዱስ መጣልን፤ መንገደኛው ግን ሄደብን» አሉኝ። ወቀሳ አልነበረም፤ የሆነውን መናገራቸው ብቻ ነበር። በሪፖርቴ ውስጥ ግን ለእርሳቸው የሚሆን ዓምድ አልነበረኝም።

የጎሬፓኒ ታሪክ የሚያሳየን ይህንኑ ነው። በ1960ዎቹ ጨው ሲቀር መንገዱ ያልሞተው፣ በዳሩ ለሌላ መንገደኛ ሊያገለግል የሚችል ተቋም ስለነበረ ነው። ደረጃው፣ የማረፊያው ካብ፣ ውኃው፣ ምድጃው፣ ዕቁቡ፣ እንግዳ የሚቀበለው ሰው ልምድ፣ እነዚህ ሁሉ በአንድነት መንገድ ናቸው። ማንም የልማት ፕላን ሳያወጣላቸው ለአዲሱ ዘመን ጠቀሙ። ሚያዝያ 25 ቀን 2015 ኔፓልን የመታው ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ የአናፑርናን አካባቢ በአብዛኛው ሳይጎዳው ባለፈ ጊዜ፣ መሐንዲሶች ተልከው ማደሪያዎቹንና ድልድዮቹን አንድ በአንድ ፈትሸው ነበር። ለአንድ ሰሞን ያደረጉትን ይህን ቆጠራ ዘወትር፣ መንገድ ከመቆረጡ በፊት ብናደርገው ምንኛ በጠቀመ!

ስለዚህ ለሙያ ባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የገጠር መንገድ ጥናት ስናካሂድ በነባሩ የእግር መንገድ ላይ ያሉትን የውኃ ቦታዎች፣ ማረፊያዎች፣ ገበያዎችና ማደሪያዎች ልክ እንደ ወንዝ መሻገሪያ ቆጥረን በካርታው ላይ እናስፍር። ሁለተኛ፣ የመኪናው መንገድ በነባሩ መንገድ ላይ ከመተኛት ይልቅ የሚቻል በሆነበት ሁሉ ጎን ለጎን ይሂድ፤ በሚያቋርጠውም ቦታ ለእግረኛው መሻገሪያ ደረጃ ይሠራለት፤ የተቆፈረው አፈር ወደ ታች አይደፋ። ሦስተኛ፣ የተሠራው መንገድ ለምን ያህል መኪና አገለገለ ከማለት ጋር፣ በዳሩ ስንት ምድጃ እየነደደ ቀረ ብለን እንጠይቅ።

ከፑን ሂል በወረድንበት ማለዳ፣ በጎሬፓኒ መግቢያ አንድ የበቅሎ ቅፍለት አገኘን። ደወላቸው ከሩቅ ይሰማ ነበር። የጫኑት ጨው አልነበረም፤ የጋዝ ሲሊንደር፣ ሩዝና ብስኩት ነበር። በቅሎዎቹ ጭነታቸው ሳይራገፍ ወደ ውኃው ገንዳ ሄዱና ጠጡ። እኛም እስኪያልፉ ድረስ ወደ ዳገቱ በኩል ጠጋ ብለን መንገድ ለቀቅንላቸው።